ሁለተኛውን ሳንቲም ፈልጉ

ልጆች፣

ለንደን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ የእንግሊዝ አሮጌ ሳንቲም ስለይ፣ ስመዝንና ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታ ወጣሁ ማለት ግን ስልኬ አረፈ ማለት አይደለም። ፎቶ ይላክልኛል። «ጋሼ፣ ይሄ ብርቅ ነው? ስንት ያወጣል?» ፎቶው ደብዛዛ፣ ጥያቄው ችኩል። ለሁላችሁም ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ ይኸው አንዴ ጻፍኩት።

ዋጋውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። ሳንቲም በሁለት ዳይ መካከል ነው የሚመታው። ዳይ ማለት የብረት ማኅተም በሉት፤ ምስሉ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ተቀርጾበታል። ልሙጡ ብረት መሃል ይገባል፣ ይመታል፣ ምስሉ ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ዳይ በሺዎች የሚቆጠር ሳንቲም ይመታል። ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ያልቃል፣ ይጠገናል፣ በሌላ ይተካል። የኛ ሥራ ይሄ ሳንቲም ከየትኛው ዳይ እንደወጣ መለየት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን አስቡት። ዳዩ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ጎድጓዳ ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ እንደ ቀጭን ክር ተነስቶ ይታያል። ሳንቲሙ በኋላ መሬት ላይ ወድቆ ቢጫር ግን ጭረቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎልቶ የወጣው ብዙውን ጊዜ ከዳዩ ነው፣ ጎድጉዶ የገባው ከሰው ኪስ። ይህችን ብቻ ብትይዙ ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ግማሹ ይቀርልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ከተመቱት ፔኒዎች አንዳንዶቹ ላይ «ዋን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ትንሽ ነጥብ አለች። ጎልታ የወጣች ናት፤ የዳይ ጉድለት ነች። እዚያው ቦታ በምስማር የተበሳ ፔኒ ግን የተበሳ ፔኒ ነው።

ለመማር የሚመቸው የንግሥት ቪክቶሪያ የነሐስ ፔኒ ነው። ከ1860 እስከ 1894 ተመትቷል። ንግሥቲቱ ፀጉሯን ከኋላ ጠቅልላ አስራለች። 95 በመቶ መዳብ፣ 4 በመቶ ቆርቆሮ፣ 1 በመቶ ዚንክ ነው፤ ክብደቱ 9.4 ግራም። ያለቀውን በአንድ ሁለት ፓውንድ ታገኙታላችሁ። የ1860ውን ብቻ ብትወስዱ ጠርዙ ላይ አንዱ ዶቃ የመሰለ ነጠብጣብ አለው፣ ሌላው ጥርስ የመሰለ ጭረት። ዓመቱ አንድ፣ ዳዩ ሌላ። ከዚያ በፊት በነበረው የመዳብ ፔኒ ደግሞ 1853ን እዩ፤ ከጀርባው የተቀረጸችው ሴት፣ ብሪታኒያ፣ የያዘችው ባለሦስት ጣት ጦር በአንዱ ያጌጠ፣ በሌላው ልሙጥ ነው። 1902 ላይ ከብሪታኒያ ኋላ ያለው ባሕር ዝቅ ያለበት ፔኒ አለ፤ ሰብሳቢዎች ባሕሩ የጎደለበት ይሉታል። እነዚህን ለማየት ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽርና አንድ የጠረጴዛ መብራት ይበቃል። ውድ ማይክሮስኮፕ አትግዙ። ማይክሮስኮፕ ሁሉንም ነገር ብርቅ ያስመስላል።

በዚያ ዘመን የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ብዙ ጊዜ በእጅ፣ በመዶሻ ነበር ዳዩ ላይ የሚመታው። ያለፈው ዓመት ዳይ ካላለቀ አይጣልም፤ አዲሱ ቁጥር በላዩ ይመታበታል። 1848 በ7 ላይ፣ 1858 በ7 ላይ የምንላቸው ፔኒዎች እንዲህ ነው የመጡት። ከ8ቱ ሥር የ7 ቅሪት ብቅ ይላል። እኔ ከሁሉም እነዚህን እወዳለሁ። አንድ ሠራተኛ ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት ቁጠባ ብሎ የሠራው ሥራ እኔ መዳፍ ላይ ሲገኝ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። በ1882 የለንደኑ የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ማሽን ለመቀየር ተዘግቶ ነበር። የዚያን ዓመት ፔኒ የመታው በርሚንግሃም ያለው የሂተን ፋብሪካ ነው፤ ከዓመቱ ሥር ኤች ፊደል አኑሮበታል። ኤች የሌለው 1882 እጅግ ብርቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዱን አገኘሁ። ሻጩ የማላውቀው ሰው ነው። የአንድ ወር የቤት ኪራይ ከፍዬ ወሰድኩት። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ በደስታ።

ጠዋት ለአለቃዬ ሰጠሁት። ሽማግሌው መብራቱን ከላይ አንስቶ ወደ ጎን አጋደመው፤ ብርሃኑ በሳንቲሙ ፊት ላይ እንዲንሸራተት። ሳንቲሙን ቀስ እያለ አዞረው። ምንም አልተናገረም፣ ዝም ብሎ አቀበለኝ። ከዓመቱ ሥር ልሙጡ ቦታ ትንሽ ሰርጎዷል። መሃሉ ላይ ሦስት አራት ቀጫጭን ጭረቶች፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ኤቹ ተፍቋል። ማታ ያው መነጽር፣ ያው መብራት ነበረኝ። ያላየሁት ማየት ስላልፈለግኩ ነው። ሳንቲሙ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ይህ የማየት ጥበብ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አያቴ ጠገራ ብር ሲያዩ አይመዝኑም፤ በመጀመሪያ የማርያ ትሬዛን ዕንቁዎች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ብሩ ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል፣ ግን ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም። በ1935 ጣልያን ዳዩን ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ ትመታው ጀመር። በ1936 ደግሞ ለንደን ራሷ መምታት ጀመረች። ሁሉም ላይ ያው 1780 ነው። የትኛው የት እንደተመታ የሚለየው በብሩ ጀርባ እንዳለው ንስር ጅራት ላባ ባለ ጥቃቅን ነገር ነው። አያቴ ለንደን የት እንዳለች ባያውቁም የለንደኑን ብር በጣታቸው ዳስሰው ሊሆን ይችላል።

ስለ ድርብ ፊደል በጣም ስለምትጠይቁኝ ትንሽ ልበል። ዳዩ ሲመታ ከላላና ከተንሸራተተ ፊደሉ ጎን ላይ ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ይቀራል። ይህ የአንድ ምት ጣጣ ነው፤ የሚቀጥለው ሳንቲም ላይ ላይኖር ይችላል። የጠፋ ፊደልም እንዲሁ። ዳዩ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሲሞላ ፊደሉ አይወጣም። ሲጠረግ ይመለሳል። ሁለቱንም «ብርቅ የዳይ ልዩነት» ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል።

«ኒው ፔንስ» የሚለውን ባለ ሁለት ፔንስ ሳንቲም ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ተዉኝ። ከ1971 እስከ 1981 ያለው በሙሉ እንዲህ ይላል፤ ተራ ነው። ከ1982 ጀምሮ «ቱ ፔንስ» ሆነ። ስህተቱ 1983 ሆኖ «ኒው» የሚለው ነው፤ እሱም የተገኘው ለስብስብ ተብሎ በተሸጠ ፓኬት ውስጥ ነው። ዓመቱን ሳታነቡ አትደውሉልኝ።

እና አትጠቡት። በሎሚ፣ በኮካ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በምንም። ያበራል፣ ይሞታል።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። ወላጆቿ እዚህ ያደጉ ናቸው፣ አማርኛዋ እየተንተባተበ ነው። የ1858 ፔኒ ይዛለች። የመጨረሻው 8 ውስጥ ትንሽ ጉብታ አለች። «በ7 ላይ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። መነጽሬን ሳነሳ «ቆይ» ብላ ከቦርሳዋ ሌላ አወጣች። ይኸኛው በጣም ያለቀ፣ ጥቁር፣ ማንም የማያነሳው። መብራቱን አጋደምኩ። ጉብታዋ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ቅርጽ አለች።

«ሁለተኛውን ከየት አመጣሽው?»

«አራት ወር ፈለግኩ።»

ሻይ አፈላሁላት።