ጳጉሜን ደመወዝ የላትም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የተበተኑ ናቸው። ጉዳያቸው ግን ይገጥማል፤ ብሩ ይገባል፣ ከዚያ የት እንደገባ አይታወቅም። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ከደብረ ማርቆስ፦ "ጋሼ፣ እኔም ባለቤቴም መምህራን ነን። ዓመቱን እንደምንም እንዘልቃለን፤ መስከረም ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ብድር ውስጥ ነን። ምን አጥፍተን ነው?"

ምንም አላጠፋችሁም፤ ቆጠራው ነው የሳታችሁ። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበላችሁት ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ሊያደርሳችሁ ነው። መሀል ላይ ጳጉሜን አለች፤ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ደመወዝ ግን የላትም። ስለዚህ የአንድ ወሩ ገንዘብ 35 ቀን ይጎተታል። በእነዚያ 35 ቀናት ደግሞ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ስለሆነ ጤፉም ያኔ ነው የሚወደደው።

እኔ ራሴ መስከረምን ለዓመታት "ያልታሰበ ወጪ" እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ደብተሬን አየችና "እንቁጣጣሽ ዘንድሮ ድንገት መጣች እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለሕመምና ለሐዘን ብቻ ነው የምጠቀምበት።

አሁን ቁጭ በሉና ያለፈውን መስከረም ወጪ ጻፉ፤ በጉን፣ ጫማውን፣ ለዘመድ የተላከውን ሳይቀር። ከወትሮው በላይ 11,000 ብር ወጥቶ ከሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ 11 ወር ነው። በወር 1,000 ብር ማለት ነው። ደመወዝ በገባ ቀን፣ አስቤዛ ሳትገዙ፣ ወደ ሌላ የባንክ ደብተር አዛውሩት። ከወሩ የተረፈውን እናስቀምጣለን ካላችሁ ግን እርሱት። አይተርፍም።

ጤፉን በተመለከተ፣ እህሉ ከአውድማ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ አንድ ኩንታል እንኳ አስቀድማችሁ ብትይዙ ክረምቱ ይቀልላችኋል። ጆንያው ላይ የገዛችሁበትን ቀን በከሰል ጻፉበት። ሲያልቅ ቀኑን አይታችሁ ቤታችሁ ኩንታሉን በስንት ቀን እንደሚጨርስ ታውቃላችሁ። ይህን ቁጥር የማያውቅ ቤት በጀት አለኝ ቢል አላምነውም።

ከቡሬ አካባቢ፦ "በርበሬና በቆሎ ነው የማመርተው። በጥር እጄ ይሞላል፣ በሰኔ ለማዳበሪያ እበደራለሁ። ገንዘቡን በግ ልግዛበት ወይስ ባንክ ላስገባው?"

ወንድምዓለም፣ መልሱ ጎተራህ ውስጥ ነው። ለዘር የለየኸውን በቆሎ ቤተሰብህ ቢርበው እንኳ በቀላሉ አትነካውም፤ አይደል? የማዳበሪያውንም ብር እንደ ዘር ቁጠረው። በርበሬው የተሸጠ ዕለት፣ ጥር የሠርግ ወር ሆኖ ኪስህን ሳያራግፈው፣ መጀመሪያ እሱን ለይና ባንክ አስገባ። ቀጥሎ እስከ አዲሱ እህል ድረስ የሚበላውን ከሚሸጠው ለይ። በጥር ሸጦ በሐምሌ መግዛት በሁለቱም በኩል መከሰር ነው።

በጉ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ይወልዳል፣ ለፋሲካ ጥሩ ያወጣል። ግን ይሞታል፤ ደግሞም ግማሽ በግ አይሸጥም። ልጅህ ታሞ ለመድኃኒት ትንሽ ብር ቢያስፈልግህ ሙሉውን በግ ገበያ ትጎትታለህ፤ ነጋዴውም ችግርህን ፊትህ ላይ ያነበዋል። ስለዚህ ትርፍ በሆነው ብር በግ ግዛ፣ በማዳበሪያው ብር ግን አትግዛ።

ከባሕር ዳር፦ "ዕቁብ ይሻላል ባንክ?"

ዕጣህ መቼ እንደሚወጣ ንገረኝና ልንገርህ። 20 ሰው በወር 1,500 ብር ቢጥል ዕጣው 30,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። ሃያኛው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ፤ ያውም ብር ዋጋው እየወረደ። ባንኩስ? ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 የቁጠባ ወለድ መነሻውን 7 በመቶ አድርጎታል፤ በዚያ ሒሳብ 10,000 ብር በዓመት ግብር ሳይቀነስ 700 ብር ይወልዳል። የኑሮ ውድነቱን አይቀድምም፣ ከዜሮ ግን ይሻላል።

ዕቁብ ግን ባንክ የሌለው ነገር አለው፤ ይሉኝታ። ለራሱ መቆጠብ የማይችል ሰው ዳኛውን ፈርቶ ይጥላል። አንተ እንደዚያ ከሆንክ ግባ። ዋስ መኖሩን ግን አረጋግጥ።

ከሞጣ፦ "የእናታችን ተዝካር ደረሰ። ወንድሞቼ በአራጣ 50,000 ብር ተበድረን እንደግስ ይላሉ። እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል?"

እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት።

አራጣ በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉን ተይው ቢባል እንኳ ሒሳቡን ለወንድሞችሽ አሳዪአቸው። በወር ከመቶ አሥር ከሆነ ወለዱ ብቻ 5,000 ብር ነው። በአሥር ወር 50,000 ከፍላችሁ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀመጣል። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ገና የአርባዋን ድግስ እየከፈላችሁ ነው።

ወንድሞችሽን ብቻሽን አትጋፈጪ። የንስሐ አባታችሁን ይዘሽ ግቢ። ዋናው ጸሎተ ፍትሐቱ እንደሆነ፣ ለጥቂት ነዳያን የሚበቃ ዝክር እንደማያሳፍር እሳቸው ቢናገሩት ይሰማሉ። ዕድሩ የሚሰጠውን፣ እያንዳንዳችሁ ሳትበደሩ የምታዋጡትን ደምሩ፤ ድግሱ ያችን ያህል ይሁን። ሰው ምን ይላል ላልሽው፣ ይላል። ለሁለት ሳምንት ያህል።

ከዳንግላ፦ "ባሌ ሳያውቅ ብር ላስቀምጥ ወይ?"

የሚጠጣው ወይም የሚቆምረው ከሆነ አዎ፤ በስምሽ ባንክ ይሁን እንጂ ፍራሽ ሥር አይሁን። ጤነኛ ሰው ከሆነ ግን ብሩ እንዳለ ንገሪው፣ የሚስጥር ቁጥሩን አትንገሪው።