ወንድሜ ጠበል ሲጠመቅ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ያቁም?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። ሐኪም ያዘዘለትን ፌኖባርቢታል ማታ ማታ እየወሰደ፣ ከወደቀ ዓመት አልፎታል። አሁን ለሁለት ሱባኤ ጠበል ልንወስደው ነው። አንዳንዶች ግን «ኪኒንና ጠበል አብሮ መውሰድ እምነት ማጉደል ነው፤ መድኃኒቱ መንፈሱን ይደብቀዋል» ይሉናል። ቢያቆም ይሻላል? መድኃኒት እየወሰደስ መቁረብ ይችላል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ወንድምሽ መድኃኒቱን አያቁም፤ አንድ ማታም አይዝለል። ወደ ጠበሉም ውሰዱት። ሁለቱን የሚያጣላ ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም። ሲራክ 38፥4 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቃት ይነግረናል። በዚያው ምዕራፍ ታማሚው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን እየተዉ በተቸገርንበት ጊዜም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በ1999 ዓ.ም. በይፋ አስተምረዋል።

ልቆይበት የምፈልገው «መድኃኒቱ መንፈሱን ይደብቀዋል» የሚለው ላይ ነው፤ ደጋግሞ ይገጥመኛልና። ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ታማሚው ጠበል ቦታ ሲደርስ ኪኒኑን ያቆማል። ፌኖባርቢታል ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላይታይ ይችላል፤ «ይኸው ያለ ኪኒን ሰነበተ» ይባላል። ከዚያ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሲወርድ ይጥለዋል፤ ከበፊቱ የባሰና የተደጋገመም ሊሆን ይችላል። ይህን ጊዜ በዙሪያው ያለው ሰው «ተገለጠ! ጠበሉ አስጨነቀው!» ይላል፣ ውኃም ይጨምርበታል። ልጁ የወደቀው ግን መድኃኒቱ በድንገት ስለተቋረጠበት ነው። ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ማደሩ ደግሞ ይብስበታል፤ እንቅልፍ ማጣት ይህን በሽታ ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው። መንፈራገጡ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ነፍስ ያጠፋል። ያንን ሁሉ በሰይጣን ላይ አሳብበን ብንመለስ ማን ይጠየቃል?

«ማርቆስ 9 ላይ ያለው ልጅስ?» ትይኝ ይሆናል። ያን ልጅ ርኩስ መንፈስ ያሠቃየው እንደነበር ጌታ ያውቃል፤ እኛ ግን መውደቁን ብቻ አይተን አንፈርድም። ማቴዎስ 4፥24 አጋንንት ያደሩባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ማለት ነው) ለየብቻ ነው የሚቆጥራቸው፤ ጌታም ሁሉንም ፈወሳቸው። ደግሞ ልብ በዪ፤ የዚያው ልጅ ታሪክ ባለበት በማቴዎስ 17፥20 ስለ እምነታቸው ማነስ የተወቀሱት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። የታመመውን ልጅ እምነት ማንም አልመዘነውም። አባትየውም «አለማመኔን እርዳው» እያለ ነው ልጁ የተፈወሰለት። ታማሚን «ኪኒን የያዝከው ስላላመንክ ነው» የሚል ሰው፣ አጥማቂም ቢሆን፣ ጌታ ያልጫነውን ሸክም እየጫነ ነው።

እግዚአብሔር ቢፈውሰውስ? እሰየው! ያኔም ማቋረጡ በሐኪም እጅ ይሁን። ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ በኋላ ነው የሚያስቡበት፤ መጠኑንም በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይቀንሱታል።

ስትሄዱ ለ14 ቀን የሚበቃውንና ለጥቂት ቀናት የሚተርፍ ኪኒን ውኃ በማይገባበት ነገር ያዙ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይዋጥ። ከረሳው ባስታወሰ ጊዜ ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት አድርጎ አይዋጥ። ሕመሙን ለአጥማቂው አስቀድማችሁ ንገሩ። ወንዝ ወይም ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይግባ፤ ተቀምጦ በጣሳ ቢፈስስለት ይመረጣል፣ አጠገቡም ሰው ይኑር። ጠበል ይጠጣ፤ ግን በጀሪካን አስጠጥቶ ማስመለስ ይቅር። ኪኒኑ አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ከመጠን ያለፈ ውኃም የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱ ሊጥለው ይችላል። ማታ ይተኛ፤ ማኅሌቱን እናንተ ቁሙለት።

ቢወድቅ ራሱ እንዳይመታ ደግፋችሁ በጎኑ አስተኙት፣ የአንገቱን ልብስ አላሉ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ መስቀል አታስገቡ፤ ሳይነቃ ጠበል አታጠጡት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ክብሪት ማሽተት ጥቅም የለውም። ለሃጩ ነክቶኝ ይጋባብኛል ብሎ የሚሸሽ ካለ አይጋባም በሉት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ጸሎቱን መንገድ ላይ እያደረሳችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ስለ ቁርባኑ፦ መድኃኒት መውሰድ ከቁርባን አይከለክልም። የሚያስቸግረው የማታው ኪኒን ከቁርባን በፊት ባለው ጾም ውስጥ መውደቁ ነው። ፌኖባርቢታሉ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ፣ በዋዜማው ጾሙ ከመጀመሩ በፊት ቢወስደው ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከፈቀደም ያን ቀን ያንቀላፋዋልና ብቻውን መንገድ አይውጣ። ካልፈቀደ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ለሕመምተኛ የሚደረገውን እርሳቸው ይወስናሉ። «ነገ ልቆርብ ነው» ብሎ በራሱ መዝለል ግን የለም።