የኮለም ስም ከኩዌሪ ውጤት ላይ ስታወጣ ሌብሉን ጠይቅ

ሰላም ወንድሜ። ኩዌሪው በተቀየረ ቁጥር የሚመጡት ኮለሞች ይለያዩብኛል፣ በጃቫ ስማቸውን ከውጤቱ ላይ እንዴት ላውጣ ብለሃል። ኮኔክሽኑ ላይ ችግር የለብህም ብዬ በቀጥታ ወደሚያስለቅሰው ልግባ።

1. ሪዛልትሴቱ (የኩዌሪውን ውጤት የያዘው ኦብጀክት) ላይ ጌትሜታዳታን ጥራ፤ ሜታዳታውን፣ ማለትም ስለ ኮለሞቹ ያለውን መረጃ ይሰጥሃል። ጌትኮለምካውንት ብዛቱን ይነግርሃል። ሉፑን ከ1 ጀምር፤ ጄዲቢሲ (ጃቫ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ኮለም የሚቆጥረው ከ1 ነው፣ 0 ብትሰጠው ኤረር ነው የሚመልስልህ።

2. ስሙን በጌትኮለምሌብል አምጣ፤ ሌብል ማለት ኩዌሪው ውስጥ ለኮለሙ የሰጠኸው ሌላ ስም (አሊያስ) ነው። ጌትኮለምኔምን እርሳው!

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ስንት ሰው እንደሚያቃጥል አይቻለሁና። የተረከብኩት የሪፖርት ፕሮግራም በጌትኮለምኔም የተጻፈ ነበር። ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ እያለ ሰላም ነው፣ ምክንያቱም የፖስትግሬስ ድራይቨር (ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) በሁለቱም ጥሪ የሚመልሰው አሊያሱን ነው። ወደ ማይኤስኪውኤል ሲዛወር ግን የትዕዛዝ ቁጥሩ ከሪፖርቱ ላይ ድራሹ ጠፋ። የዳታቤዝ ቡድኑን ብጠይቅ "ቴብሉ ንጹህ ነው፣ ኮድህን እይ" ብለው ዘጉኝ። አንድ ደቂቃ አብሮ ማየት ምን ነበረበት? እስካሁን ይቆጨኛል።

ቁጭ ብዬ የየኮለሙን ሌብልና ኔም ጎን ለጎን ፕሪንት አደረግኩ። አንዱ ሌብሉ "ኦርደር አይዲ"፣ ሌላው "ከስተመር አይዲ" ይላል። ኔም ስትለው ግን ሁለቱም "አይዲ" ናቸው፤ የማይኤስኪውኤል ድራይቨር አሊያሱን ትቶ ቴብሉ ላይ ያለውን ስም ነው የሚሰጥህ። ረድፉ የሚገባው ማፕ (ዋጋን በቁልፍ የሚይዝ ስብስብ፣ እዚህ ቁልፉ የኮለሙ ስም ነው) ውስጥ ስለሆነ፣ ማፕ ደግሞ አንድን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ስለማይዝ፣ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ዋጠው። ጥሪውን ወደ ሌብል ቀየርኩት፣ አበቃ። ያ ፕሮግራም ዛሬም ያለ እንከን ይሰራል፣ ስራዬ ነው ብዬ በኩራት ነው የማሳየው።

ጆይን (ቴብሎችን የሚያጣምር ኩዌሪ) ካለህ ደግሞ "ሰሌክት ስታር" (ሁሉንም ኮለም አምጣ) አትበል። አሊያስ ካልሰጠኸው ሌብሉም ያው "አይዲ"፣ "አይዲ" ሆኖ ይመጣል፣ ያኔ ሌብሉም አያድንህም። ውጤቱ አንድም ረድፍ ባይኖረው ሜታዳታው ይመጣል፣ ስለዚህ የሰንጠረዡን ራስጌ ለመስራት ኔክስትን (ወደ ቀጣዩ ረድፍ የሚወስደውን ጥሪ) አትጠብቅ። ዓይነቱን ለመለየት ጌትኮለምታይፕ የሚሰጥህን ቁጥር ተጠቀም፤ የዓይነቱ ስም ከዳታቤዝ ዳታቤዝ ይለያያል። ዋጋውን በጌትኦብጀክት አንብበው፣ ጌትኢንት ነል (ባዶ ዋጋ) ሲያገኝ 0 ነው የሚልህ፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ 0 እና ባዶ ለየቅል ናቸው።

የትኛው ዳታቤዝ ላይ እንዳለህ አልጻፍክም። ኩዌሪውንና የድራይቨሩን ቨርዥን ለጥፍልኝ፣ አየዋለሁ።