ከስንጥቁ በፊት ቤቱን አንሱ

ውድ ወጣቶች፣

ያረጁ ሕንፃዎችን ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በስንጥቅ ፍቅር ተይዤ ነው። የተላጠ ቀለም፣ የዛገ የበረንዳ ብረት፣ በአንድ ማጠፊያ የተንጠለጠለ መስኮት ባየሁ ቁጥር ተጠግቼ አነሳ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዱ ሕንፃ ፈረሰና ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ሰዎች ጠየቁኝ። እኔ ዘንድ የተገኘው የበር እጀታና አንድ ክንድ የሚያህል ግድግዳ ነው። እሱም የዚያ ቤት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን ሕንፃ አንሱ። ካሜራችሁን ወደ ላይ ካቀናችሁት ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ራቅ በሉ፣ ወይም ከፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ፎቅ ላይ ወጥታችሁ አንሱ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዩዤን አትዤ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ መጨረሻ እስከ 1920ዎቹ የድሮዋን ፓሪስ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል በተቀባ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር መስታወት ላይ ሲያነሳ፣ ካሜራውን ሳያዘነብል ሌንሱን ብቻ ከፍ ያደርግ ነበር። በአንዳንድ ፎቶዎቹ የላይ ማዕዘኖች የሚታየው ጥቁረት ከዚህ የመጣ ነው፤ የሌንሱ ብርሃን እዚያ አይደርስም። ግድግዳው ቀጥ እንዲልለት ማዕዘኑን ለጨለማ ተወለት። ይህን ምርጫውን እወድለታለሁ።

ከዚያ ወደ ስንጥቁ ሂዱ፤ ግን አንብቡት። ከግድግዳው ግርጌ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ እርጥበት ከአፈር ጨው ይዞ ወጥቷል። ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል፤ እየደደረም ልስኑን ከውስጥ ይገፈትረዋል። ኮንክሪት የውስጥ ብረቱን ተከትሎ ከተሰነጠቀ ብረቱ ዝጎ አብጧል። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ዝናብ ያልጣለውን ስንት ቤት እድሳት ጥሎታል! ይህን ስታውቁ እድፉን ብቻ አታነሱም፤ ከበላዩ ያለውን የተሰበረ አሸንዳም በፎቶው ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

ብርሃኑ ቀላል ነው። ጠዋትና አመሻሽ በጎን የሚመጣው ፀሐይ እያንዳንዱን ቅርፊት ያጎላል፤ የሕንፃውን ቅርጽ ለመመዝገብ ደመናማ ቀን ይሻላል። በኮምፒውተር ግን ግድግዳውን ከሆነው በላይ አታስረጁት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ውበቱ የማረካችሁ ጣሪያ የሚያፈሰው ከሥሩ በሚተኛ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። አንኳኩና አስፈቅዱ። ሲጋብዟችሁ ግቡ፤ የውስጥ ደረጃው ብዙ ጊዜ ከፊት ገጹ ይበልጥ ያምራል።

ማታ ቤት ስትገቡ ቀኑን፣ መንገዱንና የቆማችሁበትን አቅጣጫ ጻፉ። የእጀታው ፎቶ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ጀርባው ባዶ ነው።