ኮሜትን የጣላት መስኮቷ ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ መጀመሪያዋ የመንገደኞች ጄት፣ ስለ እንግሊዟ ደ ሃቪላንድ ኮሜት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ ተመሳሳዮቹን አጣምሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

የመጀመሪያዋ ቦይንግ 707 አይደለችም እንዴ?

አይደለችም። ኮሜት ሜይ 2 ቀን 1952 ነው መንገደኛ ጭና ከለንደን ጆሃንስበርግ የሄደችው። ሮም፣ ቤይሩት፣ ካርቱም፣ ኢንቴቤና ሊቪንግስተን እያረፈች። 707 ሥራ የጀመረችው በ1958 ነው።

ጋሼ፣ አደጋዎቹን በቅደም ተከተል ቢነግሩን?

እሺ። ኦክቶበር 1952 ሮም ላይ አንዷ መነሳት አቅቷት ከሜዳው ወጣች፤ የሞተ የለም። ማርች 1953 ካራቺ ላይ ሌላዋ እንዲሁ መነሳት አቃታት፤ 11 ሰው አለቀ። በሁለቱም ጥፋቱ አብራሪዎቹ ላይ ተደፈደፈ። ነገር ግን ሲነሱ አፍንጫዋ ትንሽ ከመጠን በላይ ቀና ካለ ክንፏ አየሩን መያዝ ያቅተው ነበር። ኋላ የክንፉን የፊት ጠርዝ ቀየሩት። ጥፋት ከሌለው ደግሞ ምን ቀየሩ?

ሜይ 2 ቀን 1953፣ ልክ በዓመቷ፣ ከካልካታ የተነሳችው ማዕበል ውስጥ ገብታ ተሰባበረች፤ 43 ሰው። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ከሮም የተነሳችው ኤልባ ደሴት አጠገብ ወደቀች፤ 35 ሰው። ይህችኛዋ ያችው የመጀመሪያውን የጆሃንስበርግ ጉዞ የከፈተችው ናት። ሁሉም ኮሜቶች ቆሙ፣ አንዳንድ ነገር ተስተካከለና ማርች 23 ተመለሱ። ኤፕሪል 8 ኔፕልስ አቅራቢያ ሌላ ተደገመች፤ 21 ሰው። በዚህ ጊዜ የበረራ ፈቃዷ ተነጠቀ።

ባሕር ውስጥ የገባ አውሮፕላን ምክንያቱ እንዴት ተገኘ?

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስብርባሪውን በውሃ ውስጥ ካሜራ ጭምር እየፈለገ አወጣ። ፋርንቦሮ የሚገኘው የምርምር ተቋም፣ በአርኖልድ ሆል መሪነት፣ ስብርባሪውን መልሶ ገጣጠመ።

የበለጠ የምወደው ግን ገንዳውን ነው። አንዲት ሙሉ ኮሜት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ከተው ውስጧንም ውጪዋንም ውሃ ሞሉት፤ ክንፎቿ ብቻ በግራና በቀኝ ወጥተዋል። ከዚያ የካቢኑን፣ ማለትም የመንገደኛ ክፍሉን፣ የውስጥ ግፊት ከፍ፣ ዝቅ። አንዱ ዙር እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል። አየር ቢጠቀሙ ስትፈነዳ እንደ ቦምብ ትበታተን ነበር። ውሃ ግን ስለማይታመቅ ስንጥቁ የት እንደጀመረ ይታያል። ቀድሞ የበረረችው ሲደመር በ3,057ኛው ዙር ተቀደደች። የብረት ድካም ማለት ይህ ነው፤ ጫናው ሲደጋገም ብረቱ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የኤልባዋ የወደቀችው በ1,290 በረራ ነበር፤ የኔፕልሷ በ900።

ስለዚህ ጥፋተኛው አራት ማዕዘኑ መስኮት ነዋ?

በከፊል። ገንዳው ውስጥ የጀመረው ከመስኮት ጥግ ነው። የኤልባዋ ግን የተቀደደችው ጣሪያዋ ላይ ካለው የአንቴና ክፍተት ነው። የመንገደኛው መስኮትም ጥጉ ክብ ነበር፤ ሰው እንደሚያወራው ሹል አይደለም። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ጥጎቹ ላይ ያለው ጫና ከተሰላው በላይ ነው፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ምስማር፣ የሪቬቱም ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ሳይሆን ተመትቶ የተበሳ ስለሆነ ዙሪያው ጥቃቅን ስንጥቅ አያጣም።

ታዲያ ሳይፈትሹ ነው የለቀቋት?

ፈትሸዋል፤ ጉዱም እዚያው ነው። የካቢኑን ናሙና ከ15 ሺህ ዙር በላይ አስቆጥረውታል። ግን ያንኑ ናሙና አስቀድመው ለሌላ ሙከራ በእጥፍ ግፊት ነፍተውት ነበር። ከመጠን በላይ የተሳበ ብረት ጥጉ ላይ ትንሽ ይለጠጥና ከዚያ በኋላ ድካምን ይበልጥ ይቋቋማል። መንገደኛ የሚጭኑት ግን እንደዚያ አልተነፉም። ለእኔ ከመስኮቱ ይልቅ ጉዳዩ ይሄ ነው።

የእኛ አየር መንገድ አብርሯት ያውቃል?

አያውቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጄት የገባው በ1962 መጨረሻ በተረከባቸው ቦይንግ 720ቢዎች ነው። ጎረቤቶቻችን ሱዳን ኤርዌይስና ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ ግን በተሻሻለችው ኮሜት 4 ሠርተዋል።

መጨረሻዋስ?

ኮሜት 4 ኦክቶበር 4 ቀን 1958 አትላንቲክን በመደበኛ በረራ አቋረጠች፤ የፓን አሜሪካንን 707 በሦስት ሳምንት ቀደመቻት። ግን 707 ብዙ ሰው ትጭናለች፣ ገበያው ወደዚያ ነጎደ። የእንግሊዙ አየር መንገድ ዳን ኤር የመጨረሻዎቹን በ1980 ከሥራ አሳረፈ። ከእሷ የተወለደችው የባሕር ቃኚዋ ኒምሮድ እስከ 2011 በእንግሊዝ አየር ኃይል አገልግላለች።