መዝጊያው ቀን ቀድሞ ይታወቅ

ልጆቼ፣

በኃይልና በአየር ንብረት ፖሊሲ ላይ መሥራት ለምታስቡ ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ የወጣሁት ኤስቢየርግ በምትባል የዴንማርክ ወደብ፣ የሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮችን፣ ማለትም ባሕር ላይ ቆመው ነዳጅ የሚያወጡ ግንባታዎችን፣ ብረት ስመረምር ኖሬ ነው።

ዴንማርክ ከባሕሯ ነዳጅ ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ2020 መጨረሻ ግን ፓርቲዎቿ ተስማምተው አዲስ ዙር የፍለጋ ፈቃድ መስጠት አቆሙ፤ ምርቱም በ2050 እንዲያበቃ ቀን ቆረጡለት። ያኔ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትልቋ የድፍድፍ ነዳጅ አምራች እሷ ነበረች። የተጣራ ልቀቷን፣ ማለትም ወደ አየር ከምትለቀው አማቂ ጋዝ መልሳ ከምታስወግደው የሚተርፈውን፣ ዜሮ ለማድረስ ያኔ በሕግ ያስቀመጠችውም ያንኑ 2050ን ነበር። ሁለቱ ቀኖች ተገናኙ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የባሕር የነዳጅ መስክ አንዴ ከተከፈተ ለአሥርት ዓመታት ሊያመርት ይችላል። ዛሬ የሚፈረም ፈቃድ የልጆቻችሁን ዘመን ይነካል።

ቀን መቁረጥ ግን ነገ መዝጋት አይደለም። ቲራ የሚባለው የጋዝ መስክ ከሥሩ ያለው የባሕር ወለል ስለሰመጠ በ2019 ቆሞ፣ መድረኮቹ ታድሰው በ2024 ሥራ ጀምሯል።

አንድ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። በአንድ ስብሰባ ላይ የአንድ መስክ የልቀት ስሌት ቀረበ። የተቆጠረው መድረኩ ላይ የሚቃጠለው ብቻ ነበር። ዋናው ጭስ የሚወጣው ነዳጁ ተሸጦ መኪናና ፋብሪካ ውስጥ ሲቃጠል እንደሆነ እያወቅሁ ዝም አልኩ። በሰኔ 2024 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰሪ በተባለች የእንግሊዝ አውራጃ በየብስ ላይ ስላለ የነዳጅ ጉድጓድ ሲፈርድ፣ ያም ጭስ መቆጠር አለበት አለ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በዚሁ መነሻ የሁለት የሰሜን ባሕር መስኮች ፈቃድ በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ተባለ። እኔ ያኔ እጄን ማውጣት ነበረብኝ። እናንተ አውጡ። ስሌት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ ጠይቁ።

ሠራተኛውንም አትርሱ። ኤስቢየርግ ዛሬ የነፋስ ተርባይኖች ተጭነው ወደ ባሕር የሚወጡባት ወደብ ናት። መድረክ ሲበይዱ የኖሩ ጓደኞቼ አሁን የተርባይን ምሰሶ ይበይዳሉ። ሁሉም ግን አልተሻገሩም፤ ዕድሜያቸው የገፋው ቤት ቀሩ።

ስለዚህ የፖሊሲ ረቂቅ ከመጻፋችሁ በፊት ወደቡ ውረዱ። ከጠዋቱ ፈረቃ ጋር ቡና ጠጡ። የትኛው ሙያቸው ለነፋሱ ሥራ እንደሚሆን፣ የትኛው ሥልጠና እንደሚጠይቅ፣ ሥልጠናው ላይ እያሉ ደመወዛቸውን ማን እንደሚከፍል ጠይቋቸው።