ጥያቄና መልስ፦ ግራቪሊያን በእንጨት ማተም

ጥያቄ፦ የአውስትራሊያዊቷን ሠዓሊ የማርጋሬት ፕሪስተንን የአበባ ህትመቶች አይቼ፣ ግቢያችን ያለውን ግራቪሊያ እንደዚያ ላትመው አሰብኩ። ለየቀለሙ የተለየ እንጨት ብቀርጽም ቀለሞቹ እየተዛነፉ ከመስመሩ ይወጣሉ። የማተሚያ ማሽን የለኝም። ምን ይሻላል?
የሥዕል መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ ለየቀለሙ መቅረጹን ይተዉት። ፕሪስተን (እ.ኤ.አ. 1875–1963) በ1920ዎቹ ከሠራቻቸው የአበባ ህትመቶች አብዛኞቹ በአንድ ሰሌዳ በጥቁር የታተሙ ናቸው፤ ቀዩም ቢጫውም በኋላ ጓሽ በተባለው ደፍን የውሃ ቀለም በብሩሽ የተቀባ ነው። ፓሪስ ሳለች የጃፓን ህትመቶችን አጥንታለችና ሥዕሉን የሚሸከመው ጥቁሩ መስመር ነው። ያለ ቀለም ካላማረ፣ ቀለም አያድነውም።

ምርጫዎ ግሩም ነው። ግራቪሊያ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ እሷ የሠራችው ባንክሲያ የተባለው ተክልም ዘመዱ ነው። አበባውን ወረቀቱን እስኪሞላ አግዝፈው ይሳሉት። ቅጠሉ እጅግ የተሸነሸነ ስለሆነ ሁለት ሦስቱ ይበቃል።

20 በ20 ሴንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ስስ ቫርኒሽ ይቀቡት፤ አለዚያ እንጨቱ ቀለሙን ይመጠዋል። ንድፉን ገልብጠው ያስተላልፉ። ሲቀርጹ የመስመሩ ግርጌ ከአናቱ ሰፋ ይበል፤ ሥሩ ከተቦረቦረ ሲጫኑት ይሰበራል። የማተሚያ ቤት ጥቁር ቀለም መስታወት ላይ በሮለር አሳስተው ሰሌዳውን ይቀቡ። ከበዛ ቀጫጭኑ ክፍተት ይደፈናል። ወረቀቱን አልብሰው በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ይሹት፤ አንዱን ጥግ ይዘው ሌላውን ገለጥ እያደረጉ ይዩ።

ሥራው በብዛት የሚበላሸው ሲቀባ ነው። ጥቁሩ በዘይት የተሠራ መሆን አለበት፤ በውሃ የሚሟሟ ከሆነ ብሩሹ ሲነካው ይፈስሳል። የዘይቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በጅማ ክረምት ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል አይቸኩሉ፤ ነጭ ወረቀት ሲያሹበት ካልነካካ ደርቋል። ጓሽ ደፍን ስለሆነ ጥቁሩ ላይ ከወጣ ግራጫ ሽፋን ይተዋል፤ ከመስመሩ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ያቁሙ። ውሃ ከበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ አስቀድመው ዳር ዳሩን ጣውላ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት።

ብዙ ቅጂ ለማተም ካሰቡ፣ ሰፋፊውን ቦታ ከጠንካራ ወረቀት በተቆረጠ ስቴንስል (የሚቀባው ቦታ ተቆርጦ በወጣለት መሸፈኛ) ይቀቡ፤ ፕሪስተንም በ1950ዎቹ ወደ ስቴንስል ዞራለች። ብሩሹ ደረቅ ያለ፣ አያያዙም ቀጥ ያለ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ከሥር ሰርጎ ዳሩን ያበላሻል።